ውቤ ነጭ ለብሶ የገባ ዕለት

ውቤ በሞተር ገጠር ለገጠር የሚዞር ጤና ረዳት ነበር። በየዓመቱ በጥምቀት ሰሞን ከቀይ አፈር ከተማ እስከ ጂንካ በሚደረገው የሞተር ውድድር ግን የከተማው ኩራት ነበር። አሮጌ ሞተሩን እያስጓራ መሐል ከተማ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ አንደኛ ሲገባ ጂንካ በእልልታ ትናወጥ ነበር።

ይህችን ሞተር በሕይወት ያቆየችለት ጨርቅ ነጋዴዋ ዙህራ ናት። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ ዕቃዋን የሚያመጡላትን ሾፌሮች ለምና ታገኝለታለች፤ ጎማም ታስመጣለታለች። በየዓመቱ አረንጓዴ ሸሚዝ ትሰፋለታለች፤ ደጋፊው ሁሉ ከሱቋ ቁርጥራጭ እየወሰደ አንገቱ ላይ ያስራል።

በ1978ቱ ውድድር ዋዜማ ልትለካው ጠራችው። “ደረትህ ሰፍቷል እኮ!” ብላ ሳቀች። ውቤ እጆቹን ዘርግቶ ተለካ። ማምሻውን ሸሚዙን ሲቀበል “እግዜር ይስጥልኝ” አለና ሄደ።

በማግስቱ አንድ አዲስ ቀይ ሞተር ሁሉንም አስከትሎ ገባ። ነጂው ነጭ ለብሷል፤ ጀርባው ላይ ወልደሰማያት የሚባል የአርባ ምንጭ የጭነት መኪና ባለቤት ስም ተጽፏል። ሕዝቡ አረንጓዴውን ሸሚዝ ፍለጋ መንገድ መንገዱን ያያል።

“ውቤስ? ወደቀ እንዴ?” አለች የዙህራ ጎረቤት አበዛሽ።

ነጂው ሄልሜቱን አወለቀ። ውቤ ነበር። እጁን ወደ ሰማይ አነሣ፤ እልል ያለ ግን አልነበረም። ወልደሰማያት ብቻውን እያጨበጨበ አቀፈው።

ዙህራ ሰው እየገፋች ደረሰች። “እንኳን ደስ ያለህ” አለችው።

“እትዬ ዙህራ፣ አዲስ ሞተር ሰጡኝ። የእኔዋ እንዳረጀች ያውቃሉ።”

“አውቃለሁ። ብትነግረኝ መርቄ እሸኝህ ነበር። ትናንት ስለካህ በሆድህ ምን ትል ነበር?”

“እንዳይከፋዎት ብዬ ነው…”

“እንዳይከፋኝ!” አለች ዙህራ። “ይኸው አገር ሁሉ እያየኝ ከፋኝ።”

ውቤ አርባ ምንጭ ገባ። በዓመቱ ለወልደሰማያት በሌላ ውድድር ሲወዳደር ወይጦ አካባቢ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወልደሰማያት ሞተሩን ጭኖ ሄደ፤ ውቤን ጤና ጣቢያ ተወው። እያነከሰ ጂንካ ተመለሰ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ውድድሩ ከቀረ ቆይቶ ነበር። ጎረምሶች ጠጅ ቤት ውስጥ ውቤን ከበው የድሮውን ያስወሩታል። እሱም አሮጌዋን ሞተር እያነሣ ያወራል፤ ስለ ነጩ ሸሚዝ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

“አሁንስ ይቅር በይው” አለቻት አበዛሽ አንድ ቀን ዙህራ ሱቅ ቁጭ ብለው። “ስንት ደስታ አይተንበታል!”

“ይቅር ብየዋለሁ። ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ግን ያንን ደስታ ስታወሩ አብሬያችሁ ማውራት አቃተኝ።” ዙህራ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈች። “ከዚያ በፊት አሸንፎ ሲገባ እየሳቀ ያቅፈኝ የነበረውስ፣ ከልቡ ነበር ወይ እላለሁ።”

ገበያተኛ ገባ፤ ዙህራ ልታስተናግድ ተነሣች።