ካርዱን ማን ከፈተው

በሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሴት ሁሉም «እትዬ ፋይል» ይሏታል። የሕመምተኛ ካርድ ጠፋ ሲባል ፈልፍላ የምታገኘው እሷ ነበረች። ካርዱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ አልያዝላት እንዳለ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ባለሙያው መጥቶ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ማስቀመጫው ሊሞላ ነው። ያጣበበው ደግሞ ካርዱ አይደለም፤ ዱካው ነው።»

«የምን ዱካ?»

«ማን አየ፣ ማን አረመ፣ ማን ሰረዘ፣ በስንት ሰዓት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይሄ ከሁለቱም ይብሳል። የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይጥፋ? እስከ ሐሙስ ይወስኑና ይፈርሙልኝ።»

ወረቀት አውጥታ ታሰላስል ጀመር። ያረመና የሰረዘ ሰው ዱካው ይቀመጥ፤ የመድኃኒት መጠን ቀይሮ «እኔ አይደለሁም» የሚል አይጠፋም። አይቶ የዘጋ ግን ምን አጠፋ? «የታየ፦ ይጥፋ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ወንበር ብትሰጣትም አልተቀመጠችም።

«የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ከሐኪሜ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሜትር ይዤ ልለካቸው ስጠጋ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ካርዴን ማን እንዳየው ንገሪኝ!»

እትዬ ፋይል ኮሪደሩ ላይ እንድትጠብቅ ነግራት ባለሙያውን ጠራች። እሱም ዱካውን ከፍቶ አነበበና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። ጎንበስ ብላ አየች። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ፣ ነርሷ አንድ ጊዜ። የመጨረሻው፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ የራሷ ስም ነው።

ክው አለች። ያንን ካርድ አይታው አታውቅም። ወይስ አይታለች? ካርድ ስትከፍት የምትውል ሰው የቱን አስታውሳ የቱን ትረሳለች?

«ለማንኛውም» አለ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የታየው ይጥፋ ብለው ጽፈው የለ? ዛሬ ቢፈርሙ ነገ የለም።»

ልብስ ሰፊዋን «ሐሙስ ተመለሺ» ብላ ሸኘቻት። ሴትየዋ ስትወጣ የእትዬ ፋይል ታናሽ እህት እንደ ማክሰኞ ልማዷ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ መጣች። በር ላይ ሲገጣጠሙ እህትየው ፊቷን አዞረች።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«የሰፈሬ ሰው ናት። ምን ልትሠራ መጣች?»

እትዬ ፋይል እህቷን ትክ ብላ አየቻት። ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ወንበሯ ላይ የምትቀመጠው እህቷ ናት። እትዬ ፋይል ደግሞ ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጥታ አታውቅም።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ኮምፒውተር የት አውቄ!» አለች። ወዲያው ግን እንባዋ መጣ። «ስትወድቅ አይቻት ጨንቆኝ ነው፣ እታለም። ለእማማ ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ለእማማ ነግረሽ ደግሞ ብቻ ትያለሽ!»

ረቡዕን ነገሩ ሁሉ ዞሮባት ዋለች። ዱካው እሷ ናት ይላል፤ እሷ አይደለችም። ውሸት ነው እንዳትል የገባው በእሷ የይለፍ ቃል ነው። ብታጠፋው ሁለቱም እህትማማቾች ይድናሉ፤ ልብስ ሰፊዋስ? «ይጥፋ» የሚለውን ሰርዛ፣ መልሳ ጽፋ፣ እንደገና ሰርዛ፣ ወረቀቱ ሳሳ።

ሐሙስ በአዲስ ወረቀት «የታየ፦ አምስት ዓመት ይቀመጥ» ብላ ፈረመች።

«እርግጠኛ ነዎት?» አላት ባለሙያው።

«አይደለሁም። ውሰደው።»

ልብስ ሰፊዋ ስትመለስ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሴትየዋ ይህን ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ታዲያ ማንን ልክሰስ? አንቺን ነው እሷን?»

«እሱን እኔም አላወቅኩት። ዱካው ላይ ያለው ግን የኔ ስም ነው፤ ከእሱ ጀምሪ።»

ከሰሰች። እትዬ ፋይል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳትና ሦስት ወር ካርድ መስጫው መስኮት ላይ ተመደበች። እህትየው ይቅርታ ልትጠይቅ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሁለቴ ሄዳ ሁለቴ ከበር ተመለሰች፤ በሦስተኛው ገባች። ምን እንደተባባሉ ለማንም አልተናገረችም። እናታቸው ግን እስካሁን «ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው» ትላለች።