የቤቱ ዱላ

ነጩ ኳስ ቀዩን ገጭቶ፣ ልክ ተሻለ እንዳሰበው ወደ ኋላ ተንከባልሎ ቆመ። ቀዩ ጉድጓድ ገባ። የሚቀጥለውም ገባ።

"ማሻአላህ፣ ኢንጂነር! ኳሷን ግልገል አደረግሃት፤ ስትጠራት ትመጣለች" አለ ዱዓሌ፣ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ። ድምፁ ግን ከወትሮው ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ተሻለ ሐርጌሳ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በጦርነቱ የፈረሱትን የውሃ መስመሮች በሚጠግን የእርዳታ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የከተማዋ ሰፈር በተከራያት ክፍል የሚጠብቀው ሰው የለም። በአማርኛ የሚያጫውተው ድሬዳዋ ያደገው ብረት በያጅ ዱዓሌ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚገኘው ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ በለበሰው፣ ግድግዳው ግን ገና በጥይት እንደተበሳሳ ባለው በዚህ ፑል ቤት ነው።

ቤቱ ያለው አንድ የኳስ መምቻ ዱላ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ አልቆ እንደ መስታወት ስለለሰለሰ ጠመኔ አይዝም፤ ኳሱን ከመሐሉ ዝቅ አድርገው ሲመቱት ያንሸራትታል። ተጫዋቾች አንዱ ሲስት ለሌላው እያቀበለ በዚያው ይጫወታሉ። ስለዚህ ተሻለ ለእረፍት አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ የራሱን ገዛ፤ በናስ ብሎን የሚጋጠም፣ እጀታው ከበድ ያለ፣ ጫፉ ድርብርብ ቆዳ የሆነ ዱላ። ቆዳው ጠመኔውን ያዘ፤ ጠመኔውም ኳሱን። አመታቱ ወዲያው ተለወጠ።

የተለወጠው ግን አመታቱ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ዱዓሌ ሲስት ዱላውን ይዞ እስከ አጠገቡ ይመጣ፣ እጀታውን ወደ እርሱ አዙሮ "እንካ፤ አሁን ደግሞ አንተን ያዋርድህ" ይለው ነበር። አሁን ሲስት ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። ከእረፍት ከተመለሰ ወዲህ ለተሻለ ማንም ምንም አቀብሎት አያውቅም።

"በዚህ ተጫወት" አለ ተሻለ፣ አዲሱን ዱላ ዘርግቶ።

"ብሰብረውስ?"

"ስበረው።"

"የሰው ዕቃ ነው፣ ወንድሜ። ያኛው የቤቱ ነው፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም።" ዱዓሌ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። "ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ በቤቱ ዱላ ከሚጫወቱት ከነአቦኮር ጋር ነኝ። ካንተ ጋርማ ተመልካች ሆኜ ቀረሁ። ወላሂ፣ የቀረኝ ቲኬት መቁረጥ ብቻ ነው።"

ተሻለ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ለማሸነፍ የቀረው ጥቁሩን ኳስ ማስገባት ብቻ ነው፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሷል። ተሻለ ጎንበስ ብሎ አነጣጠረ። ከዚያ ቀና አለና የናሱን ብሎን ፈታ፤ ሁለቱን ቁራጮች ማህደራቸው ውስጥ ከቶ ዚፑን ዘጋ።

"ምን ሆንክ? ጥቁሩ ብቻ'ኮ ነው የቀረህ!"

"የቤቱን ስጠኝ።"

"በዚህ ትስታለህ።"

"ስጠኝ።"

ዱዓሌ የቤቱን ዱላ አነሣ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እጀታውን አዙሮ አቀበለው። እንጨቱ ሞቅ ያለ ነበር።

ተሻለ መታ። ጫፉ ተንሸራተተ፤ ነጩ ኳስ ጥቁሩን ሳይነካ አለፈ።

"አላልኩህም?" ዱዓሌ ሳቀ።

ተሻለ ዱላውን ግድግዳው ላይ አላስደገፈውም። ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደና እጀታውን አዞረለት።

"እንካ" አለው።