ምጥ ነው አልኋቸው

እኛ አገር፣ ስማዳ፣ ሰው ሲታመም ጠላትም ቢሆን ትከሻውን ይሰጣል። ቃሬዛው ከአያ ስማቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ የመንደሩ ነው። በመሬት የከሰሰኝ ሰውዬ እግሩን ሲሰበር እኔው ተሸክሜ ዳገቱን አውጥቼዋለሁ፤ በሆዴ እየረገምሁት፣ ግን ተሸክሜ። ትከሻ የሚጠፋው ለአንድ በሽታ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እኔ ቤት ነው ያለው።

ሚስቴን ብርቄን የሚጥል በሽታ ይጥላታል። ክኒን ስትውጥ እንደማንም ሰው ነበረች፤ ታጭዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እኔንም ትሳደባለች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋና መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ጠፋ። ሄድሁ፣ የለም አሉኝ። ደግሜ ሄድሁ፣ አልገባም አሉኝ። የቀረችዋን ክኒን ለሁለት እየሰበርን፣ በኋላም ቀን እያስዘለልን ቆየን። እሷም አለቀች።

የዚያን ዕለት ጧት እሳት ስታያይዝ ጣላት። ጎትቼ አወጣኋት። ነቃች ስል ደገማት። ሳትነቃ ደግሞ ያዛት። ጥበቡ የሚባለው የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ "ሳትነቃ ከተደጋገመባት ይለቃታል ብለህ አትጠብቅ፣ ትሞትብሃለች" ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ? በጀርባዬ እንዳልወስዳት ስትንፈራገጥ ገደል ይዛኝ ትገባለች።

ባለፈው ክረምት ሲበረታባት ጎረቤቶቹን ሮጬ ጠርቻቸው ነበር። መጡ፣ አረፋውን አዩና ከደጅ ቆሙ። ትንፋሹ ይጋባል ባዮች ናቸው። አያ ስማቸው አፉን በጋቢው ሸፍኖ፣ "ሲለቃት ትነሣለች" አለኝ። አንዱ ደግሞ ክብሪት ከሩቅ ወረወረልኝ፣ ጭረህ አሽትታት ብሎ። ደግነቱን እዩልኝ። ያን ጊዜስ እግዜር ይመስገን በራሷ ነቃች።

አሁንም ጥሏታል ብል የምሰማውን አውቃለሁ። አያ ስማቸው ደጅ ቆሜ፣ "ብርቄ ምጥ ይዟታል" አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

"መቼ አረገዘችና?"

"ዓይን ፈርታ ደብቃ ነው። ያለ ወሩ መጣባት።"

አራት ዓመት ሙሉ ልጅ ስንለምን አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሰውዬው ፊት በራ። "ምነው ቀድመህ ብትነግረን፣ አንተ ጉደኛ" አለኝና ቃሬዛውን አወረደ፤ ወንዱን ሁሉ እየተጣራ ወጣ። እኔ ቀድሜያቸው ሮጥሁ። በጋቢ ጠቀለልኋት፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላ ፊቷ ላይ ጣል አደረግሁ።

ጉድ ነው መቼም፣ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። "ማርያም ማርያም" እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱት። አያ ስማቸው ራስጌውን ይዟል። ወንዙ ጋ ስንደርስ እንደገና ያዛትና ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። "በርቺ ልጄ፣ ማርያም ትፍታሽ" ይላታል። ለሃጯ ከነጠላው ሥር ወጥቶ በትከሻው ላይ ወረደ፤ ላቡ መስሎት በእጁ ጠረገው። እኔ ከጎን ከጎን እየሮጥሁ አፏን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ ሙታ እንደሆን ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ያን ጊዜ ቦጋለች ደረሰችብን። ስምንት የወለደች ጎረቤታችን ናት፤ ምጥ ከተባለ ከየትም ትመጣለች። "አሳርፏት፣ ልያት" ብላ እጇን ከጋቢው ሥር ሰደደች። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ሆዷን ዳበሰች፣ መልሳ ዳበሰች። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና ሸፈነችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አለቀልን አልሁ፣ እዚሁ ወንዝ ዳር ጥለዋት ሊሄዱ ነው።

"ምን ትገተራላችሁ፣ ደርሷል እኮ፤ አንሷት" አለቻቸው።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ጥበቡ ወዲያው መርፌ ወጋት። ጥቂት ቆይቶ ሰውነቷ ረገበ፣ ትንፋሿም ተስተካከለ። "ትንሽ ብትዘገይ አታገኛትም ነበር" አለኝ። ቀጥሎም እፍኝ የማትሞላ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ያለችኝ ይቺ ናት። መንገዱ እስኪከፈት ሌላ የለኝም፣ ክንዱ። አልደብቅህም።"

ሰዎቹ ደጅ ተቀምጠዋል። በመስኮቱ ይሰማኛል። አንዱ ወንድ ነው ይላል፣ ሌላው በሴት ይከራከረዋል፤ እልልታውን ሊያቀልጡት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። አያ ስማቸው ለገንፎ እህል የሚያስፈጭ ሰው ወደ መንደር ልኳል።

ብርቄ ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ እጇን ወደ ሆዷ ሰደደች።

"ወለድሁ?" አለችኝ።

ጋቢዋን ሳብ አድርጌ አለበስኋት።

"ማርያም ማርያም ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። በርቺ ሲሉኝ ነበር። ምንድን ነው፣ ወንድ ነው? የት ወሰዱት?"

እንደዚያ ፊቷ በርቶ ስትስቅ ካየኋት ዘመን ሆኖኛል። መንደር ሙሉ ሰው ዓይኔን ሳላሽ የዋሸሁ ሰው፣ እሷን መዋሸት አቃተኝ። "አልወለድሽም፣ ብርቄ። ጥሎሽ ነው። እንዲሸከሙልኝ ብዬ ምጥ ነው አልኋቸው" አልኋት። እጇን ከሆዷ አላነሳችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እንደገና ያዛት ብዬ ደነገጥሁ። ለካ እያለቀሰች ነው።

ፊቷን ሳትመልስ፣ "አሁን እውነቱን ብትነግራቸው ማን ይመልሰኛል?" አለች።

"እኔ እወስድሻለሁ።"

"በምንህ? እግሬ አይቆምም።" እንባዋን በጋቢው ጠረገች። "ሞቶ ተወለደ በላቸው።"

"አልልም።"

"በላቸው፣ ክንዱ። ቤቴ ልግባበት።"

ወጣሁ። ሁሉም ተነሡ። ሞቶ ተወለደ፣ ወሩ ስላልሞላ እዚሁ ይቀብሩታል ብዬ ቃሉን እንደምንም ተናገርሁት። አያ ስማቸው፣ ብርቄ በጠጣችበት ዋንጫ አልጠጣም የሚለው ሰውዬ፣ አንገቴን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቦጋለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁሉን እያወቀች፣ ከሁሉ በላይ ጮኻ አለቀሰች። ወንዶቹ ብርቄን እንደ እንቁላል አንሥተው አስተኟት። መንገዱን ሁሉ ላልተፈጠረው ልጄ እግዜር ነፍሱን ይማር ሲሉ፣ እሷ ፊቷን ሸፍና ስቅ ስቅ እያለች ታለቅሳለች። እኔስ ብሆን? ያለቀስሁት የውሸት አልነበረም።

ቤት አስገብተዋት ሲወጡ አያ ስማቸው ከበሩ ላይ ያዘኝ። "እግዜር ሌላ ይሰጥሃል፣ አይዞህ። ደግሞ ምጥ ሲይዛት ሌሊትም ቢሆን ጥራኝ፣ በዚህ ትከሻዬ አደርሳታለሁ" አለኝ።

እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ስማቸው፣ አልሁት። ክኒኗ የምታልቀው ግን በሚመጣው ሳምንት ነው።