የናርዶስ ሦስት ሽቦዎች

ፀደይና ናርዶስ ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ማስተርሳቸውን አብረው የሚሠሩ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። ሁለት ዓመት የደከሙት በሃያ ትንንሽ መብራቶች ላይ ነው። እያንዳንዱ መብራት በራሱ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል፤ በሽቦ ሲያያዙ ግን አንዱ ሌላውን እየሳበ ቀስ በቀስ ሁሉም እኩል መብራትና እኩል መጥፋት አለባቸው።

የእነሱ መብራቶች ግን እምቢ አሉ። አስሩ በግራ፣ አስሩ በቀኝ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ግራና ቀኙ አይገጥምም።

«ሽቦ እንጨምር» አለች ፀደይ።

«የሽቦው ብዛት አይደለም» አለች ናርዶስ። «እዚህም እዚያም ተከማችቷል፤ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ግን አንድ ብቻ ነው። ሦስቱን ነቅለን ወደ መሃል እናዙራቸው።»

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስረክቡበት ቀን ቀርቦ ፀደይ ተጨንቃ ነበር። «ግማሹን ቀን ተኝተሽ እየዋልሽ እኔን ታስተምሪኛለሽ?» አለቻት፣ ሰው ፊት። ናርዶስ ቦርሳዋን አንስታ ታቦር ሰፈር ወዳለው የእናቷ ቤት ሄደች። ኩላሊቷን እንደሚያማት ለማንም አልተናገረችም ነበር።

ፀደይ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ አልተነሳም። «ታኩርፍ እንግዲህ» ብላ ተወችው። በሦስተኛው ሳምንት ሳዳም የሚባል የክፍላቸው ልጅ ደውሎ የናርዶስን የቀብር ሰዓት ነገራት።

ከቀብሩ ማግስት ፀደይ ቤተ ሙከራ ገብታ ሦስቱን ሽቦዎች ነቀለች፤ ናርዶስ እንዳለችው መሃል ላይ ሰካቻቸው። አንድም ሽቦ አልጨመረችም። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ሃያዎቹ መብራቶች ባንዴ በሩ፤ ባንዴ ጠፉ፤ እንደገና ባንዴ በሩ። ፀደይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በባጃጅ ታቦር ወጣች። የናርዶስ እናት ወይዘሮ ፍቅርተ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ልክ ነበረች» አለች ፀደይ እግራቸው ስር ተንበርክካ። «ሳልሰማት ቀረሁ። ሰው ፊትም አዋረድኳት።»

«ስትደውይ ሆስፒታል ነበርን» አሉ ሴትዮዋ። «ኋላ ደውይላት ብዬ ስልኩን ስሰጣት፣ 'ነገ ፀደይ ራሷ ትደውላለች' አለችኝ። በማግስቱም እንዲሁ አለችኝ።»

ፀደይ ተነስታ ልትወጣ ስትል ነጠላዋን ያዟት።

«ተቀመጪ። ልጄ ምን ትሠራ እንደነበር እኔ አላውቅም። እስቲ አንቺ አስረጂኝ።»

ፀደይ ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሃያ መብራቶች ነበሩን» ብላ ጀመረች።