ትልቅ እጅ ያላት ሴት

ታየች ስለ ቤቷ ወለል ለሰው ተናገረች። የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

የነገረችው ለጎረቤቷ ለየብርጓል ነው፤ ምንጭ ዳር፣ እንስራ እስኪሞላ ቆመው ሳለ። የብርጓል ክፉ ሴት አይደለችም። የሰማችው ነገር ግን አያድርባትም።

ታየችና ደምለው ከተጋቡ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። የተጋቡት ጥር ላይ ነው፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት። ሰው ማሰባሰብ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ስለነበር ከበሮ እንኳ አልተመታም። ከአምበር ገበያ ማዶ ደምለው ራሱ የሠራት አንዲት ጎጆ ውስጥ ገቡ። መደብ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ሁለት ቅል፣ አንድ ድስት፣ አንዲት ትንሽ ጎተራ። መደቡ ላይ አንጥፈው የሚተኙበት ጀንዲ የታየች ነው፤ አባቷ ገደል የገባበትን በሬ ቆዳ አልፍቶ ሰጣት። ከዚህ ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። ደምለው ግን “ሀብታም ቢገባበት ይጠበው ነበር” ይላል፤ ለእነሱ ቤቱ ሰፊ ነው። ከአንድ ገበታ ይበላሉ። የሚጨቃጨቁት እሳቱን ማን ያዳፍን በሚል ብቻ ነበር።

ጾሙ ሲገባ እናቷ ታመመችና ታየች ልትጠይቃት ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ከመደቡ ሥር ያለው ወለል ተለቅልቆ አገኘችው።

ወለል በእበት መለቅለቅ የሴት ሥራ ነው። ወንድ እበቱን ያመጣ ይሆናል፤ እጁን አይነክርበትም። ሴት ደግሞ ከውስጥ ጀምራ፣ እጇን በግማሽ ክብ እያዞረች፣ ወደ በሩ እያፈገፈገች ትወጣለች። ይህኛው ከበሩ በኩል ተጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ነው። የለቀለቀው ሰው መጨረሻ ላይ በእርጥቡና በግድግዳው መካከል ተይዞ ቀርቷል ማለት ነው። የእጁ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ የጣቶቹ ፈለግም ሰፊ ነው። ታየች ተንበርክካ የራሷን እጅ ዘርግታ ለካችው። አልሞላችውም።

“ትልቅ እጅ አላት” አለች በልቧ። “ሙያ ደግሞ የላትም።” ሁለተኛው ትንሽ አጽናናት።

ወንድ ይሆናል ብላ ጨርሶ አላሰበችም። ዝንጀሮ ነው ቢሏት ማመን ይቀላት ነበር።

ደምለው ከብቶቹን አስገብቶ ሲመጣ ጠየቀችው።

“ይህን ማን ለቀለቀው?”

“ምኑን?”

“ወለሉን።”

ደምለው ወለሉን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ቀንበሩ መሰንጠቁን ያወራ ጀመር። ታየች ደግማ አልጠየቀችውም። በማግስቱ ወደ ምንጭ ወረደች።

“እታለም፣ እኔ በሌለሁበት ቤቴ ሴት ገብታለች።”

የብርጓል እንስራዋን መሬት አስቀመጠች። “ማን አያት?”

“ማንም አላያትም። ወለሉን ለቅልቃልኝ ሄዳለች።”

“ለቅልቃ?” የብርጓል ሳቀች። “ሰው ባል ሊነጥቅ ሄዶ እበት ያቦካል?”

“ሁሉንም አይደለም። ከመደቡ ሥር ብቻ፣ እንዲህ ረዘም አድርጋ።” በእጇ አሳየቻት። “አለቃቀሏ ደግሞ አያድርስ ነው።”

“የሆነ ነገር ደፍታበት ይሆናል” አለች የብርጓል፤ ይህንንም ጨምራ ለሰው አወራች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ደምለውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያዙት።

“ደምለው፣ ሴትዮዋን ወደ እኛም ቤት ላካት እንጂ። እበቱን እኛ እናቀርባለን።”

“እጇ ትልቅ ነው አሉ። ለአጨዳም ሳትሆን አትቀርም።”

ደምለው አብሮ ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ። ያልሳቀው ጭቃ ሹሙ ታረቀ ብቻ ነበር። ታረቀ ድሮም ጭቃ ሹም ነው፤ አሁን ግብሩን የሚሰበስበው ለጣሊያን ሆነ እንጂ። መሣሪያ የደበቀ ሰው ሲገኝም ቤቱን የሚያሳየው እሱ ነው።

“የተለቀለቀው ርዝመቱ ምን ያህል ነው አሉ?” ሲል ጠየቀ።

ሳቁ ቆመ። ታረቀ በቅሎውን አስመጥቶ ወደ አምበር አቀና። አምበር የባንዳ ጦር አለ።

ደምለው መንገዱን ትቶ በእርሻ መሀል እየሮጠ ቤቱ ደረሰ።

“ለማን ተናገርሽ?”

“ስለ ምን?”

“ስለ ወለሉ።”

“መጀመሪያ እሷ ማን እንደሆነች ንገረኝ።”

“እሷ የምትባል የለችም። እኔ ነኝ የለቀለቅሁት።”

ታየች እጁን አየች። ሁለት ወር ሙሉ አብሯት የበላ እጅ ነው። ሰፊ ነው።

“ከሥሩ ውጅግራ አለ” አለ ደምለው። “የዓባይ ነው።”

ዓባይ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ወደ ጮቄ ወጥቶ ከአርበኞች ጋር ከተቀላቀለ ዓመት ሆኖታል። ታየች እናቷ ዘንድ ሳለች ትርፍ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ለሚስትህ አትንገራት፣ ያልሰማችውን አታወራም ብሎ ሰጠው።

“ያልሰማሁትን አወራሁላችሁ” አለች ታየች።

ባለፈው ወር ከማዶ መንደር አንድ ሰው ጠመንጃ ተገኝቶበት እጁን ታስሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ተወስዷል። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ “ስንቅ አያስፈልገውም” ብለው ከበር መልሰዋታል። ታየች ያቺን ሴት ገበያ ላይ ታውቃታለች። በርበሬ ትሸጥ ነበር።

ሁለቱም ወለሉ ላይ አጎነበሱ። እበቱ ደርቆ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንዲሁ የተበታተነ አይደለም፤ የተቆፈረው አፈር ሲሰምጥ ዳር ዳሩን ተከትሎ ሄዷል። ረጅም ነው፤ አንድ ጫፉ ጠባብ፣ ሌላው ጫፉ ሰፋ ያለ። ታየች ስንጥቁን ከመጣች ጀምሮ ስታየው ነበር፤ የሴትዮዋ ሙያ ቢስነት ነው ብላ ተደስታበት ነበር።

“አፈሩን አልደለደልከውም።”

“ረግጬዋለሁ።”

“ውኃ ሳታጠጣው።”

“ጠመንጃ ላይ ውኃ ላፍስስ?”

እንደገና ቢለቀልቁት እርጥቡ ከሩቅ ይለያል። አውጥቶ ጫካ ልውሰደው ቢል ሜዳው ገላጣ ነው፤ ሰንበት ስለሆነ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ረጅም ነገር የተሸከመ ወንድ ከአንዱ ደጅ ሌላው ደጅ ሳይደርስ ይጠየቃል። ታረቀ ደግሞ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ይመለሳል።

ታየች ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

“ዶማውን አምጣ።”

“ዛሬ ሰንበት ነው።”

“አውቃለሁ።”

ቆፍረው አወጡት። በሞራ በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ታየች ጀንዲውን ከመደቡ ላይ ስባ ዘረጋችው። ደምለው የምታደርገው የገባው ጠመንጃውን ጀንዲው ላይ ስታጋድመው ነው።

“ልትሄጂ ነው?”

“መንደሩ ሁሉ ሴት እንዳስገባህ ሰምቷል። ቁጭ ብዬ ልፍተል?”

“ሰው ምን ይላል?”

“እስካሁን ሲል የነበረውን።”

“ታየች፣ ሴት አላስገባሁም እኮ።”

“እሱን እኔ ካወቅሁ ይበቃል። ለታረቀ ግን አስገብተሃል። ማን ናት ሲሉህ ዝም በል። ዝም ማለት እንደሆነ ትችልበታለህ።”

ጀንዲውን ጠቅልለው በጠፍር አሰሩት። እሱ ያሰረው ቋጠሮ ላላ። ታየች ፈትታ እንደገና አሰረችው።

“እስከ መቼ ትቆያለሽ?”

“ዓባይ መጥቶ ከአባቴ ቤት እስኪወስደው።”

“ከዚያስ?”

ታየች ዶማውን አንሥታ ወለሉን መቁፈር ቀጠለች። ጉድጓዱን ብቻ አይደለም፤ ከመደቡ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ ምድጃው፣ ቅርጽ የሚባል እስኪጠፋ ድረስ። በገዛ እጇ በሠርጓ ሰሞን የለቀለቀችውንም ጨምራ።

“ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም” አለች። “ነግረኸኝ ቢሆን ይህን ሁሉ አልቆፍርም ነበር።”

የበቅሎ ኮቴ ሲሰማ ጀንዲው ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ታየች መቁፈሯን አላቆመችም። ደምለው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ታረቀ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ባንዶች ተከተሉት። አቧራው አሳላቸው።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ታረቀ።

“የውሽማውን እጅ ከቤቴ እያነሣሁ ነው።”

“በሰንበት ዶማ?”

“ሰንበቱን እሱ ሽሮታል፣ አያ ታረቀ። እኔ የተረፈውን ነው።”

ከባንዶቹ አንዱ ሳቀ። ታረቀ አልሳቀም። በዘንጉ የተቆፈረውን አፈር እዚህም እዚያም ወጋው። ከዚያ ዶማውን ከታየች ወስዶ ለደምለው ሰጠው፤ “አንተ ቀጥል፣ ጠለቅ አድርገህ” አለው። ደምለው ቆፈረ። ጠንካራው መሬት ላይ እስኪደርስ ቆፈረ። ባንዶቹ ጎተራውን አዩ፣ በሳንጃ የጣሪያውን ሣር ወጉ፣ ድስቱን ሳይቀር ገለበጡ። ቤቱ ዕቃ ስለሌለው ቶሎ አለቀባቸው።

“ማን ናት?” አለው ታረቀ።

ደምለው ዝም አለ። አንገቱን ደፋ፤ ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ። ያፈረ ይመስል ነበር። የፈራ ሰውም እንደዚያው ነው የሚሆነው፤ ታረቀ ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ አየው።

ከዚያ ዘንጉን ወደ በሩ ዘረጋ። “ይሄስ?”

“ጀንዲዬ ነው” አለች ታየች። “ይዤው መጥቻለሁ፣ ይዤው እሄዳለሁ።”

“ሽማግሌ ሳይቀመጥ ዕቃ አይነሣም። ልጅ ስለሆንሽ አታውቂ ይሆናል።”

“ሽማግሌ ሲቀመጥ አንዱን ጀንዲ ለሁለት ይቆርጥልኛል? የአባቴ በሬ ቆዳ ነው።”

“ፈትተሽ አሳይኝ።”

ታየች ወደ ጀንዲው ሄዳ እጇን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች።

“እሺ፣ ልፍታው” አለች። “የተኙበትን ልዘርጋልዎትና አይተው ይፍረዱ። እነዚህም ሰዎች ይቅረቡና ይዩ። ያደረጉትን አላጠብሁትም። ለአባቴ ምስክር እሆናለሁ ይበሉልኝ፣ ይኸው በዓይኔ አይቻለሁ ይበሉልኝ።”

የሳቀው ባንዳ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ታረቀ ከቅዳሴ የመጣ፣ ጾም የያዘ ሰው ነው። ታየች የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታች። ሁለተኛውን ያዘች።

“ተዪው” አለ ታረቀ፤ ወደ ጎን እንትፍ አለ። “ተዪው አልኩሽ። ይዘሽልኝ ጥፊ። ለአባትሽም የምልከው ቃል አለኝ፤ ሴት ልጅ እንዲህ አይደለም የሚያሳድጉት።”

ታየች የፈታችውን አሰረች። ጀንዲውን አቅፋ ጫፉን መሬት ለመሬት እየጎተተች ደፉ ላይ ደረሰች። ከብዷል። ጀንዲ እንዲህ አይከብድም፤ ተንበርክካ ካልሆነ ትከሻዋ ላይ አታወጣውም፤ ስትንበረከክ ያየ ደግሞ ይገባዋል። በአጥሩ በኩል የብርጓልና ሌሎች ሴቶች ቆመው ያያሉ። እነሱ ቢያዩ ግድ የለም፤ የተናደደች ሴት ነው የሚያዩት። የሚያስፈሯት ከኋላዋ ያሉት ሦስቱ ናቸው፤ ታረቀ ዓይኑን ገና ከእሷ ላይ አላነሣም።

ዞር ብላ ደምለውን አየችው። አንድ ነገር ልትለው ፈለገች። በእነዚህ ሰዎች ፊት ልትለው የምትችለው እርግማን ብቻ ነው።

“እጇ ይቆረጥ” አለች።

ደምለው እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

“ጫንላት እንጂ፣ ለልጅቷ” አለ ታረቀ ለአንደኛው ባንዳ። ባንዳው ጠመንጃውን አንግቶ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደ።

“የሰው እጅ ጠግቤያለሁ” አለች ታየች።

ወጣች። ጀንዲውን ከውጭ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። በሩ ደምለው የሠራው ስለሆነ አይገጥምም፤ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ጊዜ ስባ፣ እምቢ ሲላት ደግማ ስባ ዘጋችው። ከዚያ ተንበርክካ ጀንዲውን ትከሻዋ ላይ አወጣችው።