ያልተወቀረው ቦታ

«ልማታዊ ሳይንቲስት ነው ያጣነው!» አለ የቀበሌው ካድሬ አራጌ፣ ንፍሮውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዛወረ።

ጀብሪል ከሰሌኑ ጫፍ ቀና አለ። ታናሽ ወንድሙን ሰዓድን ከቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«በሕይወት ሳለማ ምን ነበር የምትለው? አምና ገበያ መሀል ‹የጀብሪል ወንድም ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ጥላሸት ያሻል› ያልክ አንተ አይደለህም? ሲቀበር ነው ሳይንቲስት የሆነልህ?»

«ኧረ ጀብሪል፣ ለጨዋታ ያህል…»

«ጨዋታህን ለአንድ ለአምስትህ አድርገው!»

የጀብሪል ሚስት ሩቂያ በመጋረጃው ብቅ አለች። «አላህን ፍራ አንተ ሰው! ለቅሶ ላይ ነህ።»

እውነቱን ለመናገር ንዴቱ ከአራጌ ጋር አልነበረም። አራጌ መንገድ ላይ የተገኘ ጉቶ ነው። የጀብሪል ንዴት የከረመ ነው። አባታቸው የሞተ ጊዜ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ፣ መውቀሪያውን በትከሻው ይዞ ከወግዲ እስከ ደጎሎ የየወፍጮ ቤቱን የለሰለሰ ድንጋይ እህል እንዲይዝ ሲወቅር የኖረው እሱ ነው። የድንጋይ ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን ያጠፋበት እሱ ነው። የተማረው ሰዓድ ነው። ይሁን፣ ይህን ለማንም አንስቶ አያውቅም። የማይረሳው ሌላ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጣሳ ቅቤ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ሰዓድ ነጭ ካፖርት ለብሶ ከቤተ ሙከራው ጠርሙሶች መሀል ወጣ። ባልደረቦቹ «ማናቸው?» ቢሉት፣ የጀብሪልን የቆሸሸ ጋቢ አየና «የአገሬ ሰው ናቸው» አለ። ናቸው! አንቱታው ራሱ ጥፊ ነበር። ማታ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ሰዓድ ሥራው እንዳስቸገረው አወራው፦ ልሙጥ ነገር ላይ ብናኝ አልቀመጥ አለኝ፣ ይንሸራተታል። ጀብሪል እንደተቀየመ «ታዲያ አትወቅረውም?» አለው። ሰዓድ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ግን ደብተሩን አወጣ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አቧራ የለበሰ ወጣት ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

«አላህ ያጽናዎት፣ ጋሼ። ቢተው እባላለሁ፣ ከሰዓድ ጋር ነው የምሠራ። ከእሱ ጋር በመጣው ቦርሳ ውስጥ ደብተር ነበረች…»

«ለደብተር ነው የመጣኸው? ለለቅሶ መስሎኝ!»

«ለሁለቱም ነው። እኔ ካልቀጠልኩት የአራት ዓመት ልፋቱ ይቀራል።»

«ይቅራ! ጥላሸት አይደል?»

«ካርቦን ነው፣ ግራፊን ይሉታል። የእርሳስን ጥቁር እምብርት ሽፋን በሽፋን ቢልጡት መጨረሻ ላይ የምትቀረው አንዲት ስስ ሉህ ናት። እሷ ላይ ፓላዲየም የሚሉትን ብረት ብናኝ እናሳርፋለን፤ የተመረዘ ውሃ እንዲያጠራልን ነው። ታዲያ ሉሁ ልሙጥ ስለሆነ፣ ሙቀት ሲያገኘው ብናኙ እየተንሸራተተ ይጓጉልና ሥራ ያቆማል። ሰዓድ ሉሁን በአሲድ አቆሰለው። ብናኙ ቁስሉ ላይ ያዘለት።»

«ወቀረው በለኛ!»

«እሱም እንደዚያ ነበር የሚለው።»

«የኔን ቃል! ስሜንስ ጽፎታል?»

ቢተው አንገቱን ደፋ። «አልጻፈም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ! አውቃለሁ እኮ!»

«ኋላ ደግሞ ሉሁ ይፈረካከስ ጀመር። ምክንያቱ ጠፋን።»

ምክንያቱ ለጀብሪል አልጠፋውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰዓድ ደውሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ድንጋይ ስትወቅር ምን ያህል ቦታ ሳትመታ ትተዋለህ?» ብሎት ነበር። «የአገርህን ሰው ጠይቅ» አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ቢደውል አላነሳለትም።

«ስልኩን አላነሳ ሲሉት ጊዜ» አለ ቢተው፣ ቃሉ ምን እንደሚያቆስል ሳያውቅ፣ «‹ወንድሜ ተቀይሞኛል፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ብዬው፣ የድንጋዩንም ነገር እጠይቀዋለሁ› ብሎ ነው የተሳፈረው።»

መኪናው የተገለበጠው ከአቀስታ ወዲህ ነበር።

ጀብሪል ተስፈንጥሮ ተነሳና የቢተውን አንገትጌ ጨመደደው። «አንተስ ለምን ለቀቅኸው? ማን ና አለው? ማን ጠራው? ለድንጋይ ብሎ ሰው መንገድ ይወጣል? ወላሂ ሁላችሁም…»

አራጌ ከኋላ ወገቡን ያዘው። «ተው ወንድሜ፣ ተው፣ ልጁ እንግዳ ነው።» ጀብሪል አንገትጌውን ለቀቀ። ጓዳ ገብቶ ደብተሩን አመጣ፤ የቢተው ጭን ላይ ወረወረለት። አጠገቡም ቁጭ አለ።

«እጅህን አምጣ።»

ቢተው እየፈራ መዳፉን ዘረጋ።

«አብዝቶት ነው። ድንጋይ ውቅር ሲበዛበት ዱቄቱ ውስጥ አሸዋ ይተፋል።» በጣቱ ጫፍ የልጁን መዳፍ መታ። «እዚህ ትመታለህ። ይህን ያህል ትተዋለህ። እዚህ ትመታለህ። እህሉን የሚይዘው የተመታው ነው፣ ድንጋዩን የሚይዘው ግን የተውኸው ነው። ገባህ?»

«ሉሁ ላይ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፣ ጋሼ። እሞክረዋለሁ።»

ጀብሪል አልሰማውም። «መታ፣ ተወ። መታ፣ ተወ።» መዳፉ አለቀ፤ ጣቱ የልጁን አንጓ አልፎ በሹራቡ እጅጌ ላይ ወጣ፣ ቦታ እየዘለለ፣ ወደ ክርኑ። ቢተው እጁን አልሰበሰበም።