የሚስ አዮኒ ቢጫ ሳህን

ሚስ አዮኒ ራሷ ያልበላችውን ለሰው አታቀርብም ነበር። በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ የምትተው እንዳይመስላችሁ። እሁድ እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ድስቱ ከእሳት እንደወረደ ቢጫዋን ጎድጓዳ ሳህን ትሞላና በጓሮ በኩል ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጥርግ አድርጋ ትበላለች። «የኔ ምግብ ከገደለ መጀመሪያ እኔን ይግደል» ትላለች። የሰማ ሁሉ ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

ምግብ ቤቷ ከኪንግስተን በስተምሥራቅ ባለችው ሴንት ቶማስ ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር መንገድ አጠገብ፣ በቆርቆሮ የተከደነች ባለ አራት ጠረጴዛ ቤት ነበረች። ባሏ ክሎቪስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሱ ሲሞት ጀልባው ተሸጠ፤ ከእሱ የቀረ ነገር ቢኖር ጓሮ የተከለው፣ ፍሬው በስሎ የሚበላ የአኪ ዛፍና አንዲት ልጁ ቬሮና ናቸው። እናት ታበስላለች፣ ልጅ ታስተናግዳለች። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ክት ልብሱን እንደለበሰ ወደ ሚስ አዮኒ ጎራ ብሎ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር የተሠራ አኪ በተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ካልበላ እሁድ እሁድ አይመስለውም ነበር።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የሚስ አዮኒ ነገር ልክ አልነበረም። የጨው ዓሣ ላይ ጨው ትጨምራለች። ልጇን በሞተች እህቷ ስም ትጠራለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የቤቷ መንገድ ጠፍቷት ድልድዩ ላይ ቆማ ቬሮና አገኘቻት። ያን ዕለት የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እኔን የሆነ ነገር ይዞኛል፣ አውቄዋለሁ» አለች። «ያሻሽን አድርጊ። ሰው ፊት ብቻ አታዋርጂኝ። በአባትሽ መቃብር ማይልኝ።»

ቬሮና ማለች። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ መሸፈን ሆነ። ጨው የበዛበትን ወጥ ትደፋና በድብቅ ሌላ ትሠራለች፤ ሰው ሲጠይቃት እኔ ነኝ ያጠፋሁት ትላለች። መንደሩም ሚስ አዮኒ እንዲህ ያለች ባለሙያ ሆና ይህችን የመሰለች ዝርክርክ መውለዷን እያነሳ ያማል። ቬሮና ይህን እየሰማች እንዳልሰማች ታልፋለች፤ ማታ ማታ ግን ታለቅሳለች።

በአኪ ነገር ግን እናቷ ትሳሳታለች ብላ ጨርሶ አልጠረጠረችም። በዚያ አገር ልጅ በእግሩ ሳይሄድ ይህን ያውቀዋል። ቀዩ ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ በገዛ እጁ ተከፍቶ ጥቁር ዘሩን ካላሳየ አይነካም። ሳይከፈት በቢላ የሰነጠቀው ሰው መርዝ በላ ማለት ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ ከደህናው አይለይም። ቬሮና ትንሽ ልጅ ሳለች ወደ ተዘጋ ፍሬ እጇን ስትሰድ እናቷ ቸብ ታደርጋትና «ራሱ ይክፈት! በር ሳይከፈትልሽ ሰው ቤት ትገቢያለሽ?» ትላት ነበር።

በዚያች እሁድ ቬሮና ለጠዋቱ መዝሙር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለነበር እናቷ ብቻዋን አበሰለች። መጀመሪያ የመጡት አዛውንቱ ማስ ላሴልስ ነበሩ፤ «ማስ» በዚያ አገር የአክብሮት መጠሪያ ነው። ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ ክሎቪስ ከሞተ ጀምሮ ከዚያች ቤት ቀርተው አያውቁም። ከኪንግስተን የመጣች የልጅ ልጃቸውን፣ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላትን ካዲንን፣ የሚስ አዮኒን እጅ ላስቀምሳት ብለው ይዘዋት መጥተዋል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው ቬሮና ሁለቱን ሳህን አቀረበችና የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከግድግዳው ሥር የአኪው ልጣጭ ያለበት ባልዲ ተቀምጧል። ልጣጩ በቢላ የተሰነጠቀ ነው። ጥርቅም ብሎ የተዘጋ፣ ገና ያልተቆረጠ ፍሬም ከላዩ ነበር። ረጅሙ የፍሬ ማውረጃ ዘንግ በሩ ላይ ተደግፏል። ቬሮና የእጅ ውሃውን ሳትደፋ ዞረች።

ስትመለስ እናቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እጇን ከሽርጧ ሥር አድርጋ ቆማለች። እንግዳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ ማየት ትወዳለች። ቬሮና እውነቱን ከተናገረች ወሬው ሳይመሽ መንደሩን ያዳርሳል። ይባስ ብሎ እናቷ ራሷ ትሰማዋለች፤ ልጅ ልትመርዝ እንደነበር ታውቃለች። ማስ ላሴልስ ሹካቸውን አነሱ። ትንሿ ልጅም እሳቸውን አይታ አነሳች።

ቬሮና ሁለቱንም ሳህን ከፊታቸው ነጠቀች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማስ ላሴልስ። ድስቱ ላይ የሳሙና ውሃ ደፍቼበት አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሚስ አዮኒ ከበሩ ወደ መሀል መጣች። እንደዚያ ተቆጥታ አታውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ሳሙና ከድስቷ ደርሶ እንደማያውቅ፣ ይህችን ልጅ የወለደችበትን ቀን እንደምትረግም እንግዳ ፊት ተናገረች። ማስ ላሴልስ ሊያበርዱ ሞከሩ።

«ተይ እንጂ ሚስ አዮኒ፣ የኔ ክፉ ምላስ ሳሙና ቢነካው የሚስቴ ስለት ሰመረ ማለት ነው» አሉ።

አልሳቀችም። እነሱ ዳቦና እንቁላል በልተው ሲሄዱ ራሴን አሞኛል ብላ መኝታ ቤቷ ገባች፤ በሩንም በላይዋ ላይ ዘጋች። ቬሮና እናቷ አኩርፋ ነው ብላ ተወቻት። ድስቱን ከነልጣጩ ጓሮ ቆፍራ ቀበረች፤ ሌላ የመጣውንም እንግዳ ዛሬ ምግብ የለም ብላ መለሰች። ወለሉን ስትጠርግ ልቧ ቀለል ብሎላት ነበር። ሕፃኗ ተረፈች፣ የእናቷም ስም ተረፈ። እንዲያውም ራሷን ትንሽ አደነቀች፤ ምስኪን።

ከሰዓት በኋላ መጥረጊያውን ይዛ የጓሮውን ደረጃ ልትጠርግ ወጣች። ቢጫዋ ሳህን እዚያው፣ ከደረጃው ጥግ ተቀምጣለች። ተጠርጋ ተበልታለች፤ ማንኪያው ከውስጧ ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ ያየችውን ነገር እንዴት እንደረሳችው እስከ ዛሬ አታውቅም። ስለ እንግዶቹ ስትደነግጥ፣ ስለ እናቷ ስም ስትጨነቅ፣ ድስቱን ማን አስቀድሞ እንደቀመሰው ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም። እውነቱን ያኔውኑ ተናግራ ቢሆን እናቷ «እኔ እኮ በልቻለሁ» ትል ነበር፤ በጊዜም ሐኪም ቤት ይደርሱ ነበር።

የመኝታ ቤቱን በር ገፍታ ስትገባ እናቷ አስመልሳለች፤ ላቧ በረዶ ሆኗል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ዱሮም የስኳር በሽታ አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ያልተከፈተ አኪ ደግሞ የደም ስኳርን ቁልቁል ይጥላል። ቬሮና የጠራቻቸው ማስ ላሴልስ በመኪናቸው ይዘዋቸው ከነፉ። መንገድ ላይ ሚስ አዮኒ አንዴ ነቃ ብላ የልጇን ፊት አየችና «ሳሙናሽ ነው እንዲህ ያደረገኝ» አለች።

ሐኪም ቤት ደርሰው ግሉኮሱ ክንዷ ላይ ሲሰካ፣ ነርሷ ምን እንደበላች ጠየቀች። ከዚህ በኋላ መሸፈን አልተቻለም።

«አኪ ነው» አለች ቬሮና። «ሳይከፈት የተቆረጠ።»

ነርሷ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ማነው ይህን የሚሠራ? ማን ነው የቆረጠው?»

ማስ ላሴልስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቬሮናን አዩ፣ አልጋው ላይ ያለችውን አዩ፤ የጠዋቱ የሳሙና ነገር ያኔ ገባቸው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቬሮና ቀደመች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሚስ አዮኒ ዓይኗን ገለጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ አእምሮዋ ጥርት ያለላት ትመስል ነበር።

«አስተምሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለች። «ራሱ ይክፈት ብዬሽ ነበር።»

ዓይኗን መልሳ ከደነች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዚያ መንደር ግን አልጠራም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ቬሮናን በጎን እያየ፣ ያቀረበችውን ሳይነካ ሄደ። ማስ ላሴልስ ያወቁትን ልናገር ብለው ደጋግመው ለመኗት፤ እሷ ግን በእናቷ መቃብር አስማለቻቸው። ምግብ ቤቷ አሁንም አልተዘጋችም፤ የሚመጣ የለም እንጂ። እሁድ እሁድ አኪው ራሱ ተከፍቶ ይለቀማል፣ ይበስላል። ማስ ላሴልስ ብቻቸውን መጥተው ከጠረጴዛቸው ይቀመጣሉ፤ ቬሮና ጓሮ ደረጃው ላይ ቢጫዋን ሳህን በልታ እስክትጨርስም ሹካቸውን ሳያነሱ ይጠብቃሉ።